የታወቀው የጽሕፈት መሣሪያ መልኩን ሲለውጥ
በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች መሥሪያ ቤቶች ስለ መዝገብ ጥበቃ የተጻፈ መግለጫ

የእርሻ ሥራ የሚሠራው በሞፈርና በቀንበር ነው፤ የሚጠበቀው ግን በመዝገብ ነው። ገበሬው መሬቱን አርሶ፣ ዘሩን ዘርቶ፣ አረሙን ነቅሎ ምርቱን ወደ ጎተራው ቢያስገባም፣ የመሬቱ ልክ፣ የወሰደው ማዳበሪያ፣ የከፈለው ግብርና የቀረበት ዕዳ በመሥሪያ ቤት መዝገብ በትክክል ተጽፎ ካልተገኘ ድካሙ ለክርክር የተጋለጠ ይሆናል። ስለዚህ የመዝገብ ያዥ እጅ ከገበሬው እጅ ቀጥሎ ለአገር ልማት የሚያስፈልግ እጅ ነው።

ይህ መዝገብ ቀድሞ በብዕር፣ ኋላም በጽሕፈት መኪና ይያዝ ነበር፤ አሁን ግን በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ፣ በወረዳ ከተሞችም ጭምር በኮምፒውተር ይያዛል። ደብዳቤ የሚጻፍበት መሣሪያ ዎርድ፣ ዝርዝርና ሒሳብ የሚያዝበትም ኤክሴል ይባላል፤ ሁለቱንም ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦፊስ ብሎ በሰየመው ጥቅል ውስጥ ያወጣቸዋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በየጊዜው ይታደሳል፤ አንዳንድ ጊዜም የውስጥ ሥራው እንዳለ ሆኖ የፊት መልኩ ይለወጣል። መልኩ ሲለወጥ ብዙ ዓመት የሠራበት ጸሐፊ እንደ አዲስ ሰው ይሆናል፤ ሥራውም ይዘገያል፤ ስሕተትም ይገባበታል። የስሕተቱ ጉዳት የሚያርፈው ግን በጸሐፊው ላይ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ከዝርዝር በወደቀው ገበሬ ላይ ነው። ስለዚህ የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ለውጡ ምን እንደ ሆነና መዝገቡ እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ይገባቸዋል።

ለውጡ ምን እንደ ነበረ

በ1996 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003) የወጣው ኦፊስ በመስኮቱ ራስ ላይ የትእዛዝ ስሞች በአንድ መሥመር የተደረደሩበት ነበር፤ እነርሱም ፋይል፣ ኤዲት፣ ቪው፣ ኢንሰርት፣ ፎርማት፣ ቱልስ እያሉ ይቀጥላሉ። ከነዚህ አንዱ ሲነካ የትእዛዝ ዝርዝር እንደ መጋረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥራቸውም ትንንሽ የሥዕል ምልክቶች ይታዩ ነበር። ይህ አቀማመጥ ለብዙ ዓመት ስለ ቆየ የጸሐፊው እጅ ለምዶት ነበር።

በጥር ወር 1999 ዓ.ም. (በ2007) ለሕዝብ በቀረበው ኦፊስ ግን ይህ ሁሉ ተነሥቶ በምትኩ ሪባን የሚባል ሰፊ መቀነት መጣ። ትእዛዞቹ በሥራቸው ዓይነት ተከፍለው ሆም፣ ኢንሰርት፣ ፔጅ ሌይአውት፣ ሪቪው፣ ቪው በሚሉ ርእሶች ሥር ተቀመጡ፤ በኤክሴልም ፎርሙላስና ዳታ የሚሉ ርእሶች አሉ። ፋይል የሚለው ስም ጠፋ፤ በቦታውም በግራ ላይኛው ማዕዘን አንድ ክብ ምልክት ተደረገ። ብዙ ጸሐፊ ማተምን ፈልጎ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ የማተም ትእዛዝ ስም በሌለው በዚያ ክብ ምልክት ውስጥ ገብቶ ነበርና።

ለውጡም በአንድ ጊዜ አላበቃም። በ2002 ዓ.ም. (በ2010) በወጣው ኦፊስ ክቡ ምልክት ቀርቶ ፋይል የሚለው ስም ተመለሰ። በ2005 ዓ.ም. (በ2013) የወጣው ደግሞ ሲከፈት ባዶ ወረቀት በማሳየት ፋንታ የምርጫ ገጽ የሚያቀርብ ሆነ፤ ጽሑፍ ሲቀመጥም በኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በኢንተርኔት በኩል በሩቅ ማከማቻ የማስቀመጥ ምርጫ ጨመረ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ (በ2021) የወጣውም ቀለሙንና የማዕዘኑን ቅርጽ ለውጧል። ከዚህም የሚገባው፣ መልክ መለወጥ አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያልፍ ነገር ሳይሆን በየጥቂት ዓመቱ የሚመለስ መሆኑ ነው። ስለዚህ አስተዋይ መሥሪያ ቤት ለውጡን የሚቀበልበትን ሥርዓት አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ስለ ምን እንደ ተለወጠ

ለውጡ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ዎርድ በየዓመቱ አዲስ ትእዛዝ ሲጨመርበት ኖሮ በ1996 ዓ.ም. ትእዛዞቹ ከ1500 በላይ ሆነው ነበር። እንዲህ ያለ ብዛት በወራጅ ዝርዝር ውስጥ ሲታጨቅ ፈላጊው አያገኘውም፤ ሰዎች እንዲጨመርላቸው ከሚጠይቁት ነገር ብዙው በመሣሪያው ውስጥ አስቀድሞ የነበረ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ዕቃው ሳይጎድል መደርደሪያውን ለወጡ።

ሠሪዎቹ የሰዎችን አሠራር በቆጠሩ ጊዜ ያገኙት ሌላ ነገር ደግሞ ለጸሐፊዎቻችን መጽናኛ ይሆናል። በ1996ቱ ዎርድ ከተደረጉት ትእዛዞች ሁሉ አንድ ሦስተኛ የሚያህለው፣ ይኸውም ከ100 እጅ 32ቱ፣ የአምስት ትእዛዞች ብቻ ነበር፤ እነርሱም መለጠፍ፣ ማስቀመጥ፣ መቅዳት፣ የሠሩትን መሻርና ፊደል ማድመቅ ናቸው። እንግዲህ 1500 ነገር ተለወጠብኝ ብሎ የሚደነግጥ ጸሐፊ በየቀኑ የሚሠራባቸውን ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ትእዛዞች ቢያገኝ ከሥራው ብዙውን ክፍል መልሶ ያዘ ማለት ነው።

በወለጋ ስለ ምን እንደሚከብድ

ይኸው ለውጥ በሎንዶን ከተማ ካለ ጸሐፊ ይልቅ በሲሬ ወይም በአርጆ ላለ ጸሐፊ ይከብደዋል። ምክንያቱም የማስተዋል ጉድለት አይደለም፤ የቋንቋ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤት የተለመደው የመሣሪያው ገጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የወረዳው ሥራ በኦሮምኛ ይሠራል፤ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረገው መጻጻፍ በአማርኛ ነው። ስለዚህ ብዙ ጸሐፊ ትእዛዙን የሚያውቀው በቃሉ ትርጉም ሳይሆን በቦታው ነው፤ ከላይ ሦስተኛው፣ ከግራ አምስተኛው፣ መቀሱ ካለበት ቀጥሎ እያለ ይይዘዋል። ቃሉን የሚያነብ ሰው ቃሉ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ ተከትሎ ያገኘዋል፤ በቦታ የያዘ ሰው ግን ቦታው ሲፈርስ ዕውቀቱም አብሮ ይፈርስበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የርቀት ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ደምቢ ዶሎም ከዚያ እጅግ ትርቃለች። በትልቅ ከተማ መሣሪያው ያስቸገረው ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ወይም በኢንተርኔት ፈልጎ ያገኛል። በወለጋ ግን መስመሩ ሁልጊዜ አይገኝም፤ በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ይታወሳል። ስለዚህ ትምህርቱ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ እንደ ሆነ ባስፈለገ ቀን ይታጣል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ ግን ከግድግዳው ላይ አይጠፋም።

ነቀምቴ ከዚህ ቀደም ያለፈችበት ለውጥ

መሣሪያ ሲለወጥ መደናገር ለነቀምቴ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የለቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለት ኩምሳ ሞረዳ፣ ከዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር በአማርኛ ይጻጻፉ ነበር፤ ከዚያ ቤት የተገኙት ደብዳቤዎች ከጊዜ በኋላ ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል። የግብሩና የአስተዳደሩ ነገር ሁሉ በብዕርና በማኅተም የጸና ነበር። ከዚያም እነ ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መጣ። በመኪናው ላይ የፊደላችን ቅርጽ በከፊል በተቀጥላ ምልክት የሚሠራ ስለ ነበረ መልኩ ከእጅ ጽሕፈት የተለየ ሆነ፤ አንባቢው ግን ጥቂት ቆይቶ ለመደው።

ከዚህም የበለጠ ለውጥ አልፏል። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በአውሮፓ አቆጣጠር በግእዝ ፊደል ታትሞ ነበር፤ ያው ቋንቋ በ1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል፣ ቁቤ በሚባለው፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። የነቀምቴ መሥሪያ ቤቶችም የደብዳቤያቸውን መልክ ከሥር እስከ ላይ ለወጡ። ፊደሉ ቢለወጥም ቋንቋው ያው ኦሮምኛ ነው፤ ገበሬውም ያው ገበሬ፣ መሬቱም ያው መሬት ነው። በኮምፒውተሩ መልክ ላይ የደረሰውም ከዚህ ያነሰ እንጂ የበለጠ ነገር አይደለም።

ያልተለወጠው ነገርና የተለወጠው ቦታ

ጸሐፊው በመጀመሪያ ሊማር የሚገባው የተለወጠውን ሳይሆን ያልተለወጠውን ነው። በኪቦርድ የሚደረጉ አጫጭር ትእዛዞች በአሮጌውም በአዲሱም አንድ ናቸው። ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዞ ኤስን መጫን ያስቀምጣል፤ ሲን መጫን ይቀዳል፤ ቪን መጫን ይለጥፋል፤ ዜድን መጫን የተሠራውን ይሽራል፤ ፒን መጫን ወደ ማተም ያደርሳል። እነዚህን በጣቱ የያዘ ጸሐፊ መልኩ ስንት ጊዜ ቢለወጥ ሥራው አይቆምበትም። አልት የሚባለውም ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ በሪባኑ ላይ በየትእዛዙ አጠገብ ፊደላት ይታያሉ፤ ያንን ፊደል መጫን ትእዛዙን ይፈጽማል።

ሪባኑ በድንገት ቢሰወር ጸሐፊው መሣሪያው ተበላሸ ብሎ እንዳይደነግጥ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ 1ን ይጫን፤ ይመለሳል። ይህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚደርስ ነገር ነውና መታወቅ አለበት።

ቦታቸውን ከለወጡት ትእዛዞች ለእርሻ መሥሪያ ቤት ዝርዝር በጣም የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ማተም ቀድሞ በፋይል ውስጥ ነበረ፤ በ1999ኙ በክቡ ምልክት ውስጥ ሆነ፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ዳግመኛ በፋይል ውስጥ ነው።

2ኛ፤ ረጅም ዝርዝር ሲታተም የራስጌው መሥመር በየገጹ እንዲደገም የሚያደርገው ትእዛዝ ቀድሞ በፋይል ሥር በፔጅ ሴታፕ ውስጥ ነበረ፤ አሁን በፔጅ ሌይአውት ሥር ነው። ይህ ካልተደረገ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ የትኛው ዓምድ ዩሪያ፣ የትኛው ዓምድ ምርጥ ዘር እንደ ሆነ አይታወቅም።

3ኛ፤ ዝርዝሩ ወደ ታች ሲጎተት የራስጌው መሥመር ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ የሚያደርገው ቀድሞ በዊንዶው ሥር ነበረ፤ አሁን በቪው ሥር ነው።

4ኛ፤ አዲስ መሥመር መጨመር ቀድሞ በኢንሰርት ሥር ነበረ፤ አሁን ግን በሆም ሥር ነው። ኢንሰርት የሚለው ርእስ በአዲሱም ስላለ ብዙ ሰው በዚያ ፈልጎ ያጣዋል።

5ኛ፤ መዝገቡ እንዳይነካ መቆለፍ ቀድሞ በቱልስ ሥር ነበረ፤ አሁን በሪቪው ሥር ነው።

6ኛ፤ ስሞችን በፊደል ተራ መደርደር በዳታ ሥር እንዳለ ቀርቷል፤ በሆም ሥርም ተጨምሯል። በዚህ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስሙ ዓምድ ብቻ ተመርጦ የተደረደረ እንደ ሆነ ስሙ ሲሄድ ማዳበሪያው በቦታው ይቀራል፤ የአንዱ ገበሬ ኩንታል በሌላው ስም ይጻፋል። መሣሪያው አጠገብ ያለው ዓምድ አብሮ ይሂድ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ሳያነብ የሚያልፍ ከሆነ ግን መዝገቡ በአንድ ጊዜ ይበላሻል፤ ከተቀመጠና ከተዘጋም በኋላ የመጀመሪያው ቅጂ ከሌለ አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ የሚረዳ አንድ ብልሃት አለ። በመስኮቱ ራስ ላይ ከሪባኑ የተለየች ትንሽ መደርደሪያ አለች። ጸሐፊው ዘወትር የሚሠራበትን ትእዛዝ በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ነክቶ ወደዚያች መደርደሪያ መጨመር ይችላል። እንዲህ አድርጎ ዐሥር ያህል ትእዛዞችን በአንድ ቦታ ቢያኖር፣ ሪባኑ ምንም ዓይነት መልክ ቢኖረው የእርሱ ዕቃ በአንድ ስፍራ ይገኛል።

በመዝገቡ ላይ የሚደርሰው አደጋ

የጸሐፊው መዘግየት በጊዜ ይድናል፤ የመዝገብ መጉደል ግን ሳይታወቅ ይቆያልና የሚያስፈራው ይህ ነው። ስለዚህ አሮጌ መዝገብ በአዲስ መሣሪያ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ሦስት ነገር ይመርመር።

የመጀመሪያው የመሥመሩ ቁጥር ነው። የአሮጌው ኤክሴል አንድ ገጽ የሚይዘው 65,536 መሥመር ብቻ ነበር፤ የአዲሱ ግን 1,048,576 ይይዛል። በአዲሱ የተሠራ ረጅም ዝርዝር በአሮጌው ዓይነት የተቀመጠ እንደ ሆነ ትርፉ ተቆርጦ ይቀራል። የአንድ ቀበሌ ዝርዝር ይህን ያህል አይደርስም፤ የብዙ ወረዳዎች ገበሬዎች በአንድነት ሲሰበሰቡና ለአንድ አባወራ የዘሩ፣ የማዳበሪያውና የዕዳው መሥመር ለየብቻ ሲጻፍ ግን በቀላሉ ይደርሳል። ይህም በሌላ አገር የደረሰ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር በመስከረም 2013 ዓ.ም. በኮሮና ከታመሙት 15,841 ሰዎች ከዕለቱ ዝርዝር ወደቁ፤ ምክንያቱም የተሰበሰበው ዝርዝር በአሮጌው የኤክሴል ዓይነት ስለ ተያዘ ገጹ ሞልቶ ትርፉን ስላልተቀበለ ነው። ከነርሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች መፈለግም ዘገየ። ሀብትና ሊቃውንት በሞሉበት አገር ይህ ከደረሰ፣ በእኛ አገር ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት የመሥመሩ ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ተቀባዩም በከፈተ ጊዜ ቁጥሩን ያመሳክር።

ሁለተኛው ፊደሉ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ የገባው በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በመሥሪያ ቤቶች የተሠራባቸው የግእዝ ፊደል መሣሪያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ስፍራ ላይ አስቀምጠው የሚሠሩ ነበሩ። እንዲህ ባለው ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ጸሐፊው ጠፋ ብሎ እንዳያጠፋው፤ ጽሑፉ አለ፤ የጎደለው ፊደሉ ነው፤ የተጻፈበት ፊደል ሲገባለት ይነበባል። አዲስ የሚጻፈው ሁሉ ግን በዩኒኮድ ፊደል ይሁን። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ቅርጹና የመሥመሩ አቆራረጥ ይለወጣል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው ፊደል በዊንዶውስ 10 ላይ ካልተጨመረ በስተቀር ስለማይገኝ ነው። ይህ የመልክ ለውጥ ብቻ ነው፤ ቃሉ አይጠፋም።

ሦስተኛው ቀኑ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የአውሮፓን ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። የጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ደረሰኝ 30/2/2016 ተብሎ ቢጻፍለት በአውሮፓ አቆጣጠር በሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ስለሌለ እንደ ቀን አይቆጥረውም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ደግሞ 5/13/2016 ተብሎ ቢጻፍ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ሜይ 13 ቀን አድርጎ ይይዘዋል። እንዲህ ሆኖ የተደባለቀ ዓምድ በቀን ተራ ሲደረደር የብድር መክፈያው ቀን ይፋለሳል፤ በጊዜው የከፈለ ገበሬም ዘግይቷል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ በሦስት ዓምድ ለየብቻ በቁጥር ይጻፍ፤ ያን ጊዜ መሣሪያው የሚያሳስተው ነገር አያገኝም።

የአስተዳዳሪው ተግባር

መሣሪያውን መማር የጸሐፊው ድርሻ ነው፤ የሚማርበትን ጊዜና ሥርዓት መስጠት ግን የሹሙ ድርሻ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ዛሬ ተቀይሮ ነገ ሪፖርት የሚጠየቅበት ለውጥ ሁለት ጊዜ ያደክማል። ስለዚህ የሚከተለው ሥርዓት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ጊዜ ይመረጥ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የዘርና የማዳበሪያ ዝርዝር የሚሠራበት ነው፤ ሰኔ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጊምቢና በደምቢ ዶሎ በኩል የቡናው ሥራ ይበረታል። በነዚህ ጊዜያት መሣሪያ መለወጥ ውሃ በሞላ ወንዝ መሻገር ነው። ነሐሴና መስከረም ግን ከሌላው ጊዜ ይልቅ የመዝገቡ ሥራ ቀለል የሚልባቸው ስለ ሆኑ ለዚህ የተመቹ ናቸው።

ሁለተኛ፣ አሮጌው መዝገብ ሳይነካ ይቀመጥ። ለውጡ ከመደረጉ በፊት የመዝገቡ ቅጂ ለብቻው ተወስዶ በሌላ ስፍራ ይቆለፍ፤ ዋናው ዝርዝርም በወረቀት ይታተም። በአዲሱ የሚሠራው በቅጂው ላይ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በአንድ ቀበሌ መዝገብ ይፈተን። ለአንድ ወር ያህል የአንድ ቀበሌ ዝርዝር በአሮጌውም በአዲሱም ይሠራና ድምሩ ይመሳከር። ድምሩ ከተስማማ ወደ ሌሎቹ ይተላለፍ።

አራተኛ፣ ሽማግሌውና ወጣቱ አብረው ይቀመጡ። በዕድሜ የገፋው መዝገብ ያዥ መዝገቡን ያውቃል፤ የትኛው ስም የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ የትኛው መሬት በውርስ እንደ ተከፈለ ያስታውሳል። ወጣቱ ደግሞ መሣሪያውን ፈጥኖ ይለምዳል። በአዲሱ መሣሪያ ዘገየ ተብሎ አሮጌው መዝገብ ያዥ የተገፋ እንደ ሆነ መሥሪያ ቤቱ ፍጥነት አግኝቶ ዕውቀት ያጣል። ይልቁንም አንዱ ሌላውን እንዲያስተምር ሹሙ ማዘዝ አለበት።

አምስተኛ፣ የትእዛዞቹ ስምና ቦታ በኦሮምኛና በአማርኛ ተተርጉሞ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በኮምፒውተሩ አጠገብ ይሰቀል። አሮጌው ቦታ በአንድ ወገን፣ አዲሱ በሌላው ወገን፣ ትርጉሙ በመካከል ይሁን። ጸሐፊው ትእዛዙን በቦታ መያዙን ትቶ በትርጉም ሲይዘው ለሚመጣው ለውጥ ሁሉ ተዘጋጀ ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ ወረዳዎች የሚልኩት ዝርዝር በአንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ በአሮጌው፣ አንዱ በአዲሱ እየላከ በዞን የሚሰበስበው ሰው እንዳይቸገር የሚላክበት የፋይል ዓይነት በጽሑፍ ይወሰን።

ሰባተኛ፣ የማስቀመጥ ነገር ይጠበቅ። አዲሱ ኦፊስ ሲያስቀምጥ በኢንተርኔት ያለውን ማከማቻ በምርጫነት ያቀርባል፤ መስመር በሌለበት ወረዳ ግን በኮምፒውተሩ በራሱ ውስጥ፣ ስሙ በታወቀ ፎልደር እንዲቀመጥ ይታዘዝ። መሣሪያው በራሱ መጠባበቂያ የሚይዘው፣ ካልተለወጠ በስተቀር፣ በየ10 ደቂቃው ነው፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ የ10 ደቂቃ ሥራ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ይህ ጊዜ በፋይል ሥር በኦፕሽንስ ውስጥ ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይቀነስ፤ ጸሐፊውም በየጥቂት መሥመሩ በእጁ ያስቀምጥ።

ለባለ ይዞታዎች

ባለ ይዞታዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። መሥሪያ ቤቱ መሣሪያ በለወጠበት ዓመት እያንዳንዱ ባለ ይዞታ ስሙ፣ የመሬቱ ልክ፣ የወሰደው ዕቃና የከፈለው ገንዘብ በአዲሱ ዝርዝር እንዴት እንደ ተጻፈ ታትሞ እንዲታየው ቢጠይቅ የሚገባ ነው። ከእጁ ያለውን ደረሰኝና የይዞታ ደብተሩን ይዞ ያመሳክር። ይህን መጠየቅ በጸሐፊው ላይ እንደ መጠራጠር አይቆጠርም፤ ለጸሐፊው እንደ ማገዝ ነው። ዝርዝሩ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለጥቂት ቀን ተለጥፎ ቢቆይ፣ ማንበብ የማይችለውም ልጁን አስነብቦ ስሕተቱን ያስታውቃል፤ ስሕተት በነሐሴ ከታወቀ ማዳበሪያ በሚታደልበት ጊዜ ጠብ አይነሣም።

የእርሻ ሚኒስቴር በ1900 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ሚኒስቴሮች ጋር ከተቋቋመ ጀምሮ የመዝገቡ መሣሪያ ከብዕር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ኮምፒውተር ተላልፏል፤ ወደ ፊትም መልኩን መለወጡ አይቀርም። ስለዚህ የአንድ መሥሪያ ቤት ብርታት የሚመዘነው መሣሪያው አዲስ በመሆኑ ሳይሆን፣ መሣሪያው በተለወጠ ማግሥት ገበሬው መጥቶ ስሜን አሳዩኝ ባለ ጊዜ ስሙ ከነልኩ፣ ከነደረሰኙ ሳይጎድል በመገኘቱ ነው። ይህን የሚጠብቅ ሹም መሣሪያው በየዓመቱ ቢለወጥበት አይጨነቅም።